የአባቴ የጎን ፍሬቻ

አባቴ ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪናውን ሲያጥብ የሚጀምረው ከመስታወቱ አልነበረም። ከፊት ጎማው በላይ፣ ፓራፋንጎው ጎን ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ብርቱካናማ መብራት አለች፤ መጀመሪያ እሷን በኮቱ እጅጌ ይወለውላል። የፊቱና የኋላው ፍሬቻ ጭቃ ለብሶ ሊውል ይችላል፣ እሷ ግን አትውልም። ልጅ ሆኜ፣ እንዲህ ያለች ሚጢጢ መብራት ምን እንደምትሠራ ስጠይቀው «ከፊትም ከኋላም ላልሆነ ሰው ናት» ብሎኝ ነበር። አልገባኝም። እኔ እስከዚያ ድረስ ሰው ከመኪና ፊት ወይ ከመኪና ኋላ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

የገባኝ ሊማሊሞ ላይ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ተጣጥፎ እንደተቀመጠ መቀነት ገደሉ ላይ ተደራርቦ የተኛ ነው። ከአንዱ እጥፋት ሆነህ ሌላው እጥፋት ላይ ያለውን መኪና ስታይ ፊቱም ጀርባውም አይታይህም፤ የሚታይህ ጎኑ ብቻ ነው። የፊቱና የኋላው ፍሬቻ የሚለውን ያቺ ትንሽ መብራት በጎን በኩል ደግማ ካልነገረችህ፣ ሰውየው ዳር ሊይዝ ይሁን መሀል ሊወጣ በምን ታውቃለህ? እሷ የራሷ ሐሳብ የላትም። ትልልቆቹ ያሉትን ለጎን ሰው ትደግማለች፤ አለቀ።

በዚያ መንገድ ሹፌሮች ዘንድ ደግሞ ፍሬቻ ለመታጠፊያ ብቻ አይደለም። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ የሚያዘግም መኪና፣ ከኋላው ላለው የቀኝ ፍሬቻ ካሳየው «መንገዱ ባዶ ነው፣ እለፈኝ» ማለቱ ነው። የግራውን ካሳየው «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። ይህን ማንም ተቀምጦ አስተምሯቸው አያውቅም፣ የማያውቀው ሹፌር ግን የለም። ከኋላ ያለው ሰው ነፍሱን ከፊት ላለው ሰው አምፖል አደራ ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። አባቴ በዚህ አደራ ስም ነበረው። «የዳባቱ ሽማግሌ እለፍ ካሉህ ዐይንህን ጨፍነህ እለፍ» ይሉ ነበር።

እኔ ሹፌር አልሆንኩም። አባቴ መሪ አስጨብጦኛል፣ መንጃ ፈቃድም አስወጥቶኛል፤ ልቤ ግን ሽቦ ላይ ቀረ። ደባርቅ ተቀምጬ ራዲዮ እጠግናለሁ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ተራራው ላይ ሲዞሩ የሚይዙትን የእጅ ራዲዮ። ራዲዮ ተራራ አይበሳም። አንዱ ስካውት ከሸንተረሩ ወዲህ፣ ሌላው ከሸንተረሩ ወዲያ ከሆኑ፣ ጎረቤት ሆነው ሳሉ አንዱ ሌላውን አይሰማም። ስለዚህ ሁለቱንም ከሚያይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ ሳጥን አለ፤ ሪፒተር ይባላል። ከወዲህ የደከመውን ድምፅ ይቀበላል፣ ጉልበት ይሰጠዋል፣ ወደ ወዲያ ይልከዋል። ብቻውን አምባ ላይ ተቀምጦ ዳዊት የሚደግም መናኝ መስሏቸው ስካውቶቹ «አባ ደጋሚ» ብለውታል። እኔ እየወጣሁ ባትሪውን አያለሁ፣ ሶላሩ ላይ ጭላዳ ተቀምጦ የተወውን እጠርጋለሁ።

ይህን ሳጥን የምወደው ስለ አንድ ጠባዩ ነው፤ ከሰማው አይጨምርም፣ ከሰማው አይቀንስም። አንድ ቀን አንዱ ስካውት ቁልፉን እንደተጫነ አስነጠሰው። ሳጥኑ ማስነጠሱንም አክብሮ ደገመው፤ በጃናሞራ በኩል ያሉት ሁሉ በየተራ «ይማርህ» እያሉ ሥራ ፈቱ። ሰውም እንደዚህ ሳጥን ቢሆን እያልኩ የምነጫነጭ ሰው ነኝ። የወላጆቼን ቤት ያየ ይፈርድልኛል።

አባቴ ጆሮው ደከመ። ዕድሜውን ሙሉ የግራ ጆሮውን ለመስኮቱ፣ ለነፋሱና ለሌላው መኪና ጩኸት ሰጥቶ ነድቶ፣ መጀመሪያ የግራው ሄደ። ቀኙም ተከተለው፤ ቢሆንም ቅርብ ሆነው ከጮኹበት ይቀበላል። እናቴ ዳባት ባለው ቤታቸው ውስጥ ሁልጊዜ በቀኙ ትቀመጣለች። እንግዳ የሚናገረውን እሷ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ትደግምለታለች። ደጋሚያችን እናቴ ነበረች ማለት ነው። ችግሩ፣ እናቴ ሳጥን አይደለችም።

የንስሐ አባታችን መጥተው «ይህ ሰው ከሁዳዴ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልታየም፣ ምን ይሻለዋል?» ሲሉ፣ እናቴ ወደ አባቴ ጆሮ ዘወር ብላ «እግዚአብሔር ይባርክህ እያሉህ ነው!» ትለዋለች። እሱ ደስ ብሎት ተነስቶ ለመሳለም ጎንበስ ይላል። ቄሱ ምን ያድርጉ፣ መስቀላቸውን አውጥተው ያሳልሙታል። ጎረቤታችን ስለ መኪናው ጭስ ልታማርር መጥታ «እንዴት አደርክ ትልሃለች!» ተብሎላት የሄደችበት ቀን አለ። እኔ እናደድ ነበር። «እማዬ፣ ያሉትን ንገሪው እንጂ ያላሉትን ለምን ትነግሪዋለሽ?» ስላት፣ «የሰማሁትን ሁሉ ከደገምኩማ ምኑን ሚስት ሆንኩት? ያንተ ሳጥን ሆንኩ እንጂ» አለችኝ።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነገር ነበር። ረዳቱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የራሱን መኪና ይዞ ከሄደ ወዲህ፣ አባቴ ሌላ ረዳት አልቀጠረም። ብቻውን ነበር የሚነዳው። ይህን አውቅ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰብኩበትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከዛሪማ በሚኒባስ እመለሳለሁ። የተቀመጥኩት ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ነው። ሊማሊሞን ስንጀምር ከበላያችን ባለው እጥፋት ላይ የአባቴ መኪና ማሽላ ጭና ስታዘግም የቀኝ ጎኗ ታየኝ። ያቺ አውራ ጣት የምታህል መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ማንን ሊያሳልፍ ነው ብዬ አየሁ፤ ከኋላው ማንም አልነበረም። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር፣ አልገባኝም። ይልቅ «ያቻት የአባቴ መኪና» ልል አፌን አሰናዳሁ፤ ሰው በአባቱ ይኮራ የለ።

ኩርባውን ዞረን ከኋላው ስንደርስ የቀኝ ፍሬቻው አሁንም ይበራል። የእኛ ሹፌር «እለፍ አሉኝ ሽማግሌው፣ ዕድሜ ይስጣቸው» አለና ማርሽ ቀይሮ ወደ ግራ ወጣ። እኩል ለእኩል ስንሆን ከላይኛው ኩርባ አንድ ትልቅ መኪና ቁልቁል ብቅ አለ።

ያዳነን አባቴ ነው፤ ይህን አልክድም። እንዳየው ፍሬኑን ይዞ ቦታ ለቀቀልን፣ የእኛም ሹፌር ከፊቱ ተወሸቀ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ማርያምን ጠሩ። ግን ወደዚያ የጠራንም አባቴ ነበር። ከብዙ ኩርባ በፊት ሌላ መኪና አሳልፎ ፍሬቻውን ሳያጠፋው ቀርቷል። መኪናው አሮጌ ነው፤ ፍሬቻው ካላጠፉት ራሱን አያጠፋም።

ሹፌራችን ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመ። አባቴ በአጠገባችን ሲያልፍ ሹፌራችን ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ይሄን ሽማግሌ መሪ ያስጨበጠው ማነው? ሰው ሊያስፈጅ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ እጁንም አወናጨፈበት። አባቴ ፈገግ ብሎ እጁን አነሳለት፤ ምስጋና መስሎታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህን ያህል ባዳ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እኔስ? ኮፍያዬን ወደ ዐይኔ ሳብ አድርጌ አቀረቀርኩ። «አባቴ ነው» አላልኩም። አፈርኩበት። ከዚያ ደግሞ፣ ስላፈርኩበት አፈርኩ።

በማግስቱ ዳባት ሄድኩ። ጋቢና ገብቼ ቁልፉን አዞርኩና ፍሬቻውን ወደ ቀኝ አደረግኩት። ከመሪው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል። ሹፌር ፍሬቻው መብራቱን የሚያውቀው በዚህ ድምፅና ዳሽቦርዱ ላይ በምትበራው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ነው። አረንጓዴዋ ተቃጥላለች። አባቴ በሩን ተደግፎ አጠገቤ ቆሟል፤ ድምፁ ሲቆም ፊቱ አልተለወጠም፣ ሲጀምርም አልተለወጠም።

እናቴን ጠራኋት። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «ንገሪው» አልኳት። «ጆሮው ለዚያ መንገድ አይሆንም። ሰው ሳይገድል መንዳቱን ይተው።»

እናቴ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብላ «መብራቷን ልሥራልህ ይላል!» ብላ ጮኸች።

«ይሥራት» አለ አባቴ።

«እማዬ!»

«አንተ ልጅ፣ አትጩህብኝ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ዝግ ያለ ነው። ወደ ጓሮ ይዛኝ ሄደች። «እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ አይተኸዋል? ምን ብለው ነው የሚስቁት ብሎ የኔን ፊት ነው የሚያየው። ካልነገርኩት አይስቅም። ስነግረው ደግሞ ሰዉ ሥቆ ጨርሷል። መንገድ ላይ ግን እኔን አይሻም። ሹፌሮቹ በመብራት ይጠሩታል፣ በመብራት ይመልስላቸዋል። እዚያ እንደ ሰው ያወራል። አንተ ያን ንጠቂው ነው የምትለኝ። እኔ ይሄን አልደግምም።»

እውነቷን ነበር፤ እኔም እውነቴን ነበር። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ነገር ሠራሁ። አረንጓዴዋን አምፖል ቀየርኩ። ከዚያ በግራና በቀኝ ስፖኪዮ ክንድ ላይ አንድ አንድ ብርቱካናማ መብራት ተክዬ ከፍሬቻው ጋር አገናኘሁት። የውጭ ሰውም ያየዋል፣ አባቴም ከወንበሩ ሳይንቀሳቀስ ያየዋል። ፍሬቻው ያለውን ለራሱ ለአባቴ የሚደግም ነው። በብልሃቴ ደስ ብሎኝ፣ ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም በሚቀጥለው ጉዞው ላይ «ዛሪማ ጉዳይ አለኝ» ብዬ ገብስ በጫነው መኪና ላይ ወጥቼ በቀኙ ተቀመጥኩ።

እናቴ ያለችኝን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ደባርቅን እንዳለፍን ከፊታችን የመጣው ሹፌር የፊት መብራቱን ብልጭ አደረገ፤ አባቴ መለሰለት። ሌላው ከታችኛው እጥፋት የጎን ፍሬቻውን አሳየ፤ አባቴ «ይሄ የአምባ ጊዮርጊሱ ነው፣ ሚስቱ ወልዳለች» አለኝ። ከመብራቱ እንዴት እንዳወቀው እንጃ። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰውዬ፣ ይህን መንገድ እንደ ጎረቤት ደጅ ሰላም እያለ ወረደው። አዲሶቹ መብራቶች ሲበሩ ያያል፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ያጠፋል። እኔም እያየሁት ልቤ ሞላ። ያ ሚኒባስ ላይ ያቀረቀርኩት ልጅ እኔ ነኝ ወይ እስክል ድረስ።

ግማሹን እንደወረድን፣ ከቋጥኝ ጀርባ የሚዞር አንድ ጠባብ ኩርባ አለ። እዚያ ጭኖ የሚወጣ መኪና መንገዱን ሙሉ ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ቀድሞ ክላክስ ይነፋል፣ የሚወርደው ከላይ ይቆማል። መብራት እዚያ ምንም አይሠራም፤ ቋጥኝ የሚዞር መብራት የለም። ክላክሱ ጮኸ። አባቴ አልቀነሰም። ደግሞ ጮኸ። አባቴ ማርሽ ሊቀይር እጁን ሰደደ። ሦስተኛው ሲጮኽ ጉልበቱን በቡጢ መታሁትና «ቁም!» አልኩት።

ቆመ። የሚወጣው መኪና አፍንጫ ከቋጥኙ ወጣ፣ በአጠገባችን እያጓራ ሲያልፍ የግራ ስፖኪዮአችንን አጥፎ፣ የተከልኩለትን መብራት ሰባብሮት ሄደ። ጭነቱ ሁሉ አልፎ እስኪያልቅ አባቴ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር።

ኩርባውን አልፎ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

«ነፍቶ ነበር?» አለኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ስንቴ?»

ሦስት ጣቴን አሳየሁት። ጣቶቼን ትክ ብሎ አያቸው። በመካከላችን እናቴ የለችም፤ ቀኝ ጆሮው በእኔ በኩል ነው። ጠጋ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሚኒባሱን፣ ሳያጠፋው የቀረውን ፍሬቻ፣ ሹፌሩ የጮኸውን ቃል በቃል። ከዚያም የመጨረሻውን፣ እኔ ውስጥ እንደነበርኩና አባቴ ነው ሳልል እንደቀረሁ። ይህን ስጮኽ ድምፄ ተሰበረ፤ ሰምቶት እንደሆነ አላውቅም።

«ያ የሚኒባሱ ልጅ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ለእናትህ ነግረሃታል?»

«አዎ።»

«እሷ ግን መብራት ነው ያለችኝ። እኔኮ ያን ጊዜ አፍህን ሳየው ነበር። ከመብራት የረዘመ ነገር ነው የተናገርከው።» ትንሽ ፈገግ አለ። «ቄሱም እንደማይባርኩኝ አውቃለሁ። እሷን ደስ ይበላት ብዬ ነው የምሳለመው።»

ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ። በመኪናዋ ፊት ዞሮ መጣና በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተው። ቁልፉ መሪው ሥር እንደተሰካ ነው። ወደ ሹፌሩ ወንበር በአገጩ ጠቆመኝ።

ጭነት ይዤ ሊማሊሞን ነድቼ አላውቅም። ዛሪማ እስክንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ገብሱን አራግፈን ተመለስን። ቀኝ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሞተው ግራ ጆሮው በእኔ በኩል ሆነ፣ የሚሰማው ደግሞ በገደሉ በኩል፤ ስለዚህ አላወራንም። ዳገቱ ላይ አንድ ሚኒባስ ከኋላችን ተጠጋ። አባቴ ከፊት ያለውን መንገድ እስከ ኩርባው ድረስ አየና በጣቱ ወደ ቀኝ ጠቆመ። የቀኝ ፍሬቻ አበራሁ። ሚኒባሱ አለፈን፣ ሲያልፍም ለምስጋና አጠር አድርጎ ነፋ። የአባቴን ጉልበት መታ መታ አደረግኩና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ዝቅ አደረግኩ፤ አመሰገነህ ለማለት። ገባው። በእሱ በኩል የተረፈችው ብርቱካናማ መብራት ገና ብልጭ ድርግም ትላለች። እስካጠፋት ድረስ ዐይኑን ከእሷ አላነሳም።

ዳባት ደጃችን ስንደርስ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። እናቴ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ የአጥሩን በር ልትከፍት ወጥታለች። አባቴ ሳይወርድ ክንዴን ያዘኝና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ለእናትህ ደክሞት ነው ያስረከበኝ በላት። የጆሮዬን ነገር እንዳታነሳባት፣ በኔ ምክንያት ነው ብላ ታዝናለች» አለኝ። በሹክሹክታ መናገሩ ነበር። የእሱ ሹክሹክታ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል።

እናቴ የበሩን መቀርቀሪያ እንደያዘች ቆማለች። እጇ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ መኪናዋን አስገባሁና ወረድኩ።

«ምነው? አንተ እንዴት ነዳኸው?» አለችኝ፤ ዐይኖቿ ቀልተዋል።

ያለ ጭማሪና ያለ ቅናሽ ስል የኖርኩ ሰው፣ ዐይን ዐይኗን እያየሁ «ደክሞት ነው» አልኳት።

«ይድከመው እንጂ፣ ስንት ዘመን ነድቶ» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። በመኪናዋ ዙሪያ ዞራ ወደ አባቴ ሄደች፣ በቀኙም ቆመች።

«ደክሞት ነው አለኝ!» ብላ ወደ ጆሮው ጮኸች። የተባለችውን አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ ስትደግም የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አዎ» አላት አባቴ። «በጣም ደክሞኛል።»